ዘጠኝ እርምጃ

ሂልካ ቱቦውን ሞርሳ ላይ አስራ በሴጌቶ እየገዘገዘች ነው። ፕላስቲክ ሲቆረጥ ጥርስ ያፋጫል፤ ቸኩለው ከገዘገዙት ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እጇ ቀስ ይላል፣ ልቧ ግን ይቸኩላል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ ብቅ ካለች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ተመልሳ ትገባለች። የሰሜን ጫፏ የባሕር ዳር ከተማ ኬሚ በታኅሣሥ እንዲህ ናት። ለሌላው ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ለሂልካ ግን ዘንድሮ እያንዳንዷ የብርሃን ደቂቃ እንደ ስንቅ የምትቆጠብ ሆናለች።

ቱቦው ድሮ የአምፖል ልብስ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ኤንሲዮ ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት የኖረበት የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ነበረ። እዚያ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ረጃጅም ፍሎረሰንቶች ቢሰበሩ ስባሪው ዓሣው ላይ እንዳይወድቅ፣ እያንዳንዱ አምፖል ይህን የመሰለ ፕላስቲክ ይለብስ ነበር። አምፖሎቹ በአዲስ ዓይነት ሲቀየሩ ኤንሲዮ አርባውን ልብስ ከቆሻሻ አድኖ አመጣላት። "ሰው ለእህቱ ሽቶ ያመጣል፣ እኔ የዓሣ ቤት ጥራጊ አመጣሁልሽ" አላት ያን ቀን። እሷ ግን ሽቶ ቢያመጣላት እንዲህ ደስ አይላትም ነበር።

የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አስተካከለች። ውስጡን ዱላ ላይ በጠቀለለችው ብርጭቆ ወረቀት አሻከረችው። ከዚያ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልላ አስገባች፣ በወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ስስ ፕላስቲክ። አንዱን ጫፍ በጥቁር ናስትሮ ደፈነችው። በሌላኛው ጫፍ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በቆረጠችው ቀለበት የእጅ ባትሪ ገጠመችበት። ወረቀቱ ባይኖር ባትሪው አንዲት ነጥብ ብቻ ያበራ ነበር፤ ወረቀቱ ሲገባ ብርሃኑ ብርጭቆ ውስጥ እንደተቀዳ ወተት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል። ሱቅ የሚሸጥም አለ፤ ግን የገዛ እጇ የሠራውን የመሰለ የለም፣ ይህን በግልጽ ትናገራለች።

የቱቦው ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። ጨለማ ላይ ካሜራው በሦስት እግሩ ይቆምና ዓይኑ ሠላሳ ሰከንድ ተከፍቶ ይቆያል። አንድ ሰው ድንጋይ ሆኖ ይቆማል። ሌላው ጥቁር ለብሶ በጨለማው ይሄድና ከቆመው ሰው ጀርባ ይንበረከካል፤ ቱቦውን አብርቶ አንድ ጊዜ በአየር ላይ ያዞረዋል፣ ያጠፋዋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ፎቶው ላይ የቆመው ሰው ከኋላው የብርሃን ክንፍ አውጥቶ ይታያል። ክንፉን የሠራው አይታይም። ሂልካ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ስትሠራ አንድም ፎቶ ላይ ታይታ አታውቅም።

ቆሚው ኤንሲዮ ነው። በረዶ ሰርስሮ ቀዳዳው ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የሚውል ሰው ስለሆነ መቆም ያውቅበታል። "ቆሜ ስጠብቅ ስድሳ አራት ዓመት ሞላኝ፣ ሠላሳ ሰከንድ ምን አላት?" ይላል።

ሂልካ ከናስትሮው ላይ ስስ ስስ እየቆረጠች በቱቦው መያዣ ላይ ሦስት ቀለበት አሰረች። ቀይ አንድ ቀለበት ነው፣ አረንጓዴ ሁለት፣ ሰማያዊ ሦስት። በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ዓይኗንም ጨፍና ዳሰሰቻቸው። መግለጥና መጨፈን ለሷ አንድ ሆኗል፣ ጨለማ ላይ።

እውነቱን እንናገረውና ዳፍንት ይዟታል። ካምና ኅዳር ጀምሮ ሲመሽ ዓለም ይዘጋባታል። በሰኔ እዚያ አገር ሌሊት የሚባል ነገር ስለሌለ የተሻላት መስሏት ነበር፤ መስከረም ሲመጣ ብሶ መጣ። በጥቅምት መነጽር ቤት ሄደች። ባለሙያዋ ልጅ በመሣሪያዋ ብዙ ካየቻት በኋላ፣ "መነጽር አይደለም የሚያስፈልግሽ፣ የዓይን ሐኪም ነው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። እስከዚያው ጨለማ ላይ እንዳትነጂ" አለቻት። ኬሚ ውስጥ በዚህ ወቅት ጨለማ ላይ አትንጂ ማለት፣ አትንጂ ማለት ነው። ሂልካ ደግሞ ሥራዋ መንዳት ነው። ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉት ቤቶች ስድስት ልጆች በሚኒባስ ሰብስባ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ጡረታዋ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ሐኪም ጋ አልሄደችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ታዲያ እንዴት ትነዳለች? እንደ ፎቶው ነው የምትነዳው። ከካሜራው እስከ ኤንሲዮ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ዘጠኝ ትቆጥራለች፣ ኤንሲዮ እዚያ አለ። መንገዱም እንደዚያው። ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው በመንገዱ ዳር የተተከለ አርባ ሁለት የበረዶ ምልክት እንጨት። ከድሮው የወተት ጣሳ ማስቀመጫ፣ ከልጆቹ አንዷ እስከሆነችው ቬንላ ቤት አሥራ አንድ። ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያጥበረብራት ቁጥሩን አትለቅም። ጨለማን በቃሌ ይዤዋለሁ ብላ ታምናለች፣ እስከ ዛሬ ጠዋትም ጨለማው አላሳፈራትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን አሥራ አንድ ቆጥራ ቬንላ ቤት የፖስታ ሣጥን አጠገብ ስትቆም ልጅቷ የለችም። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ የሚኒባሱ ጎን ከኋላ በኩል በትንሽ እጅ ተመታ። የስምንት ዓመቷ ቬንላ እያለከለከች ገባች።

"ሂልካ፣ አለፍሽኝ እኮ።"

"የት ነበርሽ?"

"እዚያ ወዲያ። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሣጥኑ ጋ በረዶ ከምሮበት መቆሚያ አጣሁ። እጄን እያወዛወዝኩልሽ ነበር።"

"ካፖርትሽ ላይ የሚንጠለጠለው አንጸባራቂሽስ?"

"ክሩ ተበጠሰ።" ቬንላ ቀበቶዋን እያሰረች ሳቀች። "በጣም ነው የቀረብሽኝ። ነፋስሽ ኮፍያዬን ገፈፈው።"

"እንቅልፌ ገና አልለቀቀኝም፣ የኔ ቆንጆ" አለች ሂልካ። ሌሎቹን ልጆች ሰብስባ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረደቻቸው። ቤቷ ገብታ ምንም ሳትቀምስ፣ መሥሪያ ባደረገችው የእንፋሎት መታጠቢያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ሞርሳው ላይ ቆመች። እጅ ሥራ ከያዘ ሐሳብ ይሸሻል ብላ ነው። አልሸሸም።

በሩ ተንኳኳና ሳይከፈትለት ኤንሲዮ ገባ። ሄል የገባበት ዳቦ በወረቀት ይዟል።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ጥራጊዬን እየቆራረጥሽ ነው?"

"ቡትስህን አውልቅ። ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"

"ለሳውና ልብስ መቀየሪያ ይሄ ሁሉ ክብር።" አወለቀ። አዲሱን ቱቦ አንስቶ በእጁ መዘነው፣ አበራው፣ አጠፋው። "ቆንጆ ነው። ከሱቁ ይሻላል።" ከዚያ አውራ ጣቱ ቀለበቶቹ ላይ ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው? ሁሉም ላይ አለ። ለዕውር ነው እንዴ የምትሠሪው?"

ሂልካ ዳቦውን ስትቆርስ ነበር። እጇ ቆመ።

"ጨለማ ውስጥ ቀለሙን በምን ልለየው?"

"በፊት ጃኬትሽ ውስጥ አብርተሽ ሰረቅ አድርገሽ ታዪው ነበር።"

"አሁን ሠለጠንኩ።"

"እንደሱ ከሆነ ጥሩ።" ኤንሲዮ አየት አደረጋትና ወደ ዳቦው ዞረ። "ዛሬ ነፋስ የለም። የአባባን ጎጆ ሰኞ ያፈርሱታል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ደውሎ ነገረኝ። ፎቶ ካነሳነውም ዛሬ ነው።"

ጎጆው ባሕሩ ዳር ያለ የእንጨት ጀልባ ቤት ነው፤ አባታቸው መረብ ያደርቅበት የነበረ። መሬቱ የከተማው ነው፣ ጣሪያውም ጎብጧል። ሊያድኑት አልሞከሩም፤ ማን ያድነዋል? አንድ ፎቶ ብቻ ፈለጉ። አዲሱ ሰማያዊ ቱቦ ለዚያ ነው።

"ልጆቹን አድርሼ አሥር ሰዓት ላይ እንገናኝ" አለች።

"በመንገድሽ ውሰጂኝ፤ የኔ መኪና ጎማ ተበላሽቷል።"

"እሺ።"

"ሂልካ።"

"አቤት።"

"ከስተሻል።"

"አንተ ደግሞ ወፍረሃል። ተካክለን ነው" አለችና ዳቦውን አጎረሰችው፣ ሌላ እንዳይጠይቅ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ስትመልስ ሰማዩ ገና ጭላንጭል ነበረው። ሁሉንም በየበሩ አደረሰች። እየሄደች ሳይሆን እየዳሰሰች ነዳች ማለት ይቻላል፤ ከኋላዋ የመጣ የእንጨት ጭነት መኪና ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋባት። ከቬንላ ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ ልጅቷ ስለ ገና ዝግጅት ታወራላት ነበር፤ ሂልካ አንዱንም አልሰማችም። እንጨቶቹን ስትቆጥር ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ድቅድቅ ብሎ ነበር። ሚኒባሱን መንገዱ ዳር አቁመው በበረዶው ላይ ወደ ጎጆው ወረዱ። ኤንሲዮ ከፊት ካሜራውንና ቡና የያዘውን ፔርሙዝ ተሸክሞ፣ ሂልካ ቱቦዎቹን በብብቷ ይዛ የቡትሱን ድምፅ እየተከተለች። በረዶ ላይ ለሚያይ ሰው ሙሉ ጨለማ የለም፤ የከዋክብቱ ብርሃን ብቻ ይበቃዋል። ኤንሲዮ የጎጆውን በር፣ የጎበጠውን ጣሪያ፣ አባታቸው በነጭ ቀለም የጻፈውን ቁጥር ሳይቀር ያያል። ለሂልካ ፊቷ የተዘረጋው አንድ ጥቁር ጨርቅ ነው።

ካሜራውን ተከሉ። መጀመሪያ በቀዩ ቱቦ ሞከሩ። ኤንሲዮ በረዶ የሆነው ባሕር ላይ ወጥቶ ቆመ። ሂልካ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች፣ ዘጠኝ ቆጥራ ሄደች፣ ትከሻው ክንዷን ሲነካ ቦታዋን አወቀች፣ ተንበረከከች፣ አበራች፣ አዞረች፣ አጠፋች፣ ተመለሰች። ፎቶው ጥሩ ነበር። ጎጆው ግን በቀዩ ብርሃን የሚቃጠል መሰለ።

"አባባ ቢያይ ውኃ ይዞ ይሮጥ ነበር" አለ ኤንሲዮ ከወዲያ።

"ሰማያዊውን እንሞክር። ቦታህ ላይ ነህ?"

"የት ልሄድ።"

እንዲህ አለ እንጂ ሂልካ ካሜራው ላይ አጎንብሳ ሳለች ከበረዶው ስንጥቅ ውኃ ወጥቶ ቡትሱን አረጠበው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋ። ልንገራት ብሎም አላሰበም። ለሚያይ ሰው ይህ ይነገራል?

ሂልካ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ካሜራው ጠቅ አለና ዓይኑ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ የቆመ ሰው አይናገርም፤ ትንፋሹ እንኳ ብርሃኑ ላይ ጭስ ሆኖ ስለሚታይ ቆሚ ትንፋሹን ይይዛል። ደንባቸው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በረዶው ከእግሯ ሥር ይንቋቋል። ስምንት፣ ዘጠኝ። ትከሻውን አልነካችም፤ ትንሽ ጠበብ አድርጌ ረግጬ ይሆናል አለችና ግማሽ እርምጃ ጨመረች። ተንበረከከች። በጣቷ ሦስቱን ቀለበት ዳሰሰች፣ አበራች። ቱቦውን ከበረዶው ጀምራ ወደ ላይ፣ በራስዋ ላይ አሳልፋ፣ ወደ ታች ሳታቋርጥ አዞረችው። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም። በሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ዙር አዙሬ አላውቅም ብላ አሰበች፣ ደስም አላት። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያላት ያኔ ብቻ ነው። አጠፋች፣ ተነሣች፣ ቆጥራ ተመለሰች።

ካሜራው ጠቅ ብሎ ዘጋ።

"በል ተንፍስ" አለች።

የኤንሲዮ ቡትስ ድምፅ ብቻ ቀስ እያለ ሲመጣ ሰማች።

"ምን ሆንክ? ሞትክ እንዴ?"

"እስቲ ክፈቺው" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነባት።

የካሜራው መስታወት በራ። መስታወቱ ብርሃን ስላለው ይህን ማየት ትችላለች። ጎጆው በሰማያዊ ብርሃን ተነክሯል፣ የጎበጠው ጣሪያ፣ የአባታቸው ቁጥር፣ ሁሉም እንዳሰቡት። ክንፉም ከመሬት መሬት ሙሉ ነው፣ አንድ ቦታ አልተበጠሰም። ኤንሲዮ ግን ክንፉ ውስጥ የለም። ወደ ጎን፣ ከክንፉ ውጪ ነው የቆመው። ደንቡንም አፍርሷል፤ አንገቱን ስላዞረ ፊቱ ሁለት ሆኖ ደብዝዟል። የሚያየው ወደ ክንፉ ነው። እዚያ፣ ሰው መቆም ባለበት ቦታ፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ባዶ አየር ከልሏት ተንበርክካለች። ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ወደ ካሜራው ነው ያፈጠጡት፣ ግን ምንም አያዩም።

ሂልካ ሴትየዋ ራሷ መሆኗን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

"ተንቀሳቅሰሃል" አለች።

"ሁለት እርምጃ። ውኃ ወጣብኝ።"

"አትነግረኝም?"

"በአጠገቤ ነው ያለፍሽው፣ ሂልካ። እጄን ብዘረጋ እይዝሽ ነበር። ፊት ለፊት አየሽኝ፣ ቀልድሽን መሰለኝ። ከዚያ ሄደሽ ከባዶ ኋላ ተደበቅሽ።" ወደ ጎጆው ዞረ። "አባባም እንዲህ ነበር የሚያየው።"

"አባባ ምን?"

"የአሥር ዓመት ልጅ እያለሁ ከመሸ በረዶ ላይ አስቀድሞኝ ይሄድ ነበር። 'ቅደም፣ የእግርህን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል' ይለኝ ነበር። እኔም ኮራሁ። ዓይኑ መሆኔን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ለማንም አልተናገረም፣ ለእማማም።" ቱቦውን ከእጇ ወሰደ፤ እሷም ለቀቀችለት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካምና።"

"ሐኪም አየሽ?"

"አላየሁም።"

"በሽታውን የደበቀ..." ብሎ ጀመረና ተወው። "ቡና ልቅዳልሽ።"

ቡናውን ቆመው ጠጡ። ሂልካ የፔርሙዙን ክዳን በሁለት እጇ ይዛ የጠዋቱን ነገረችው፤ የፖስታ ሣጥኑን፣ የተከመረውን በረዶ፣ እጇን ስታወዛውዝ የነበረችውን ልጅ። ነፋሱ ኮፍያዋን እንደገፈፈውም ነገረችው። ማልቀስ አትወድም፣ ግን አለቀሰች። እንባው ጉንጯ ላይ ወዲያው ቀዘቀዘ።

"ዘጠኝ ቆጥሬ ነው የሄድኩት" አለች። "አልተሳሳትኩም። አንድም አልተሳሳትኩም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅቷም ብትሆን ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው ፈቀቅ ያለችው።"

ኤንሲዮ ካሜራውን ነቀለና ወደ መንገዱ ወጡ፤ ዛሬ ክንዷን ይዟት። ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ሳይጠይቃት ሰጠችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀኝ ወንበር ተቀምጣበት አታውቅም ነበር። እሱ ሲነዳ ስንት እንጨት እንዳለፉ ሳታውቀው በከንፈሯ ትቆጥር ነበር፣ ከዚያ ተወችው።

"ስሚኝ" አለ የከተማው መብራት ሲቃረብ። "ትምህርት ቤቱ ለገና እስኪዘጋ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ። ልጆች ለመጫን ፈቃድ የለኝምና አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ቡና አብረን እንጠጣለን ትያቸዋለሽ፣ ማን ይጠይቃል? ቀኝ፣ ግራ፣ ልጅ አለ፣ አጋዘን አለ እልሻለሁ። በጥር ብርሃኑ መመለስ ይጀምራል። እስከዚያ ሐኪሙን ታያለሽ፣ ምናልባት ጠብታ ይሰጡሽ ይሆናል።"

ሂልካ ወዲያው እምቢ አላለችም፤ ብላለች ብንል ውሸት ነው። ስምንት ቀን ብዙ አይደለም። ሥራዋን ከለቀቀች ምን እንደምትሆን አታውቅም። ይህን መንገድ ከሷ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ የትኛው ልጅ መኪና እንደሚያጥወለውለው፣ የትኛው እናቱ ስትሄድ እንደሚያለቅስ። ኤንሲዮም ቃሉን አያጥፍም፤ በአሥር ዓመቱ የጀመረውን ሥራ በስድሳ አራት ዓመቱ ይደግመዋል፣ ያውም ሳይከፋው።

"አንተም ልጅ ነበርክ ያኔ" አለች በመጨረሻ።

"እና?"

"እና አባባ ከፊቱ ያስቀደመው አንተን ነው። በረዶው ቢሰነጠቅ ማን ነበር የሚገባው?"

ኤንሲዮ ፍሬን ሊረግጥ ነው ብላ ጠበቀች፣ አልረገጠም። ይህን በሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ አስቦት እንደማያውቅ ከትንፋሹ ገባት፤ በመናገሯም አዘነች።

ቤት ገብተው መብራቱን ሁሉ አበራች። ኤንሲዮ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ። ሂልካ ስልኳን ይዛ ቆመች። ለአለቃዋ ብትደውል ምን እንደሚላት ታውቃለች። ሰው የለኝም፣ እስከ ገና እንደምንም ታገሺ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ ይላታል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ በእውነት ሰው ስለሌለው ነው። እሷም ትታገሣለች። ራሷን ታውቃለች። ስለዚህ ለእሱ መጀመሪያ አልደወለችም። የቬንላን እናት ስልክ ፈለገች።

"ኦውቲ፣ ሂልካ ነኝ።"

"ልደውልልሽ ነበር እኮ" አለች ኦውቲ። ከኋላዋ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። "ቬንላ የጠዋቱን ነገረችኝ። በጣም ይቅርታ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ክሩ መበጠሱን አይቼ ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው የተውኩት። ምስኪን፣ አስደንግጠንሻል። አሁን ሁለት አድርጌላታለሁ፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ። ሣጥኑ ጋ ያለውንም በረዶ ባለቤቴ ዝቆታል። ነገ ቦታዋ ላይ ታገኛታለሽ።"

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ምንም አይደል ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኤንሲዮ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አላያትም፤ ወለሉን እያየ ነበር።

"ሂልካ፣ አለሽ?"

"አለሁ። አንጸባራቂው አይደለም፣ ኦውቲ። ዓይኔ ነው። ጨለማ ላይ አላይም።"

የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

"አላይም ማለት?"

"ልጅሽን አላየኋትም። ዛሬ ብቻ አይደለም። ካምና ኅዳር ጀምሮ መንገዱን በቃሌ ነው የምነዳው።"

"ካምና ኅዳር" አለች ኦውቲ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ወሩን አንድ አንድ ብላ እንደምትቆጥር። "በየቀኑ ከመስኮቱ እጄን አውለብልቤ እሸኛችሁ ነበር። አንቺም ታውለበልቢልኝ ነበር።"

"መስኮታችሁ ስለሚበራ ነው። እዚያ እንደምትቆሚ አውቃለሁ።"

ከወዲያ በኩል ቬንላ ማን ነው እያለች ስትጠይቅ ተሰማ፤ እናትየው አልመለሰችላትም። ሂልካ ይቅርታ ልትል አስባ ነበር፣ አፏ ላይ ሲደርስ አነሰባት።

"ነገ ጠዋት ልጅቷን መንገድ ላይ አታቁሚያት" አለች። "እኔ አልመጣም።"

ኦውቲ ስልኩን ዘጋችው፣ ደህና እደሪም አላለች። ሂልካ ወንበር ስባ ከኤንሲዮ ፊት ለፊት ተቀመጠችና የሁለተኛውን ልጅ እናት ቁጥር ፈለገች።